የሁለት ስኳር በሽተኞች ጉርብትና

ስኳር ላለበት ሰው ባቅላባ ይዞ የሚመጣ ጎረቤት ምን ይባላል? እኔ በበኩሌ ወዳጅ ነው ያልኩት፤ ሌላ ማን ነበረኝ? ልጄ ማንችስተር ነው። እሁድ እሁድ ይደውልና «እማዬ፣ መድኃኒትሽን ወሰድሽ?» ብሎ ይዘጋል። እዚህ ለንደን፣ ሰቨን ሲስተርስ በሚባለው ሰፈር ያ ሁሉ ሕዝብ ሲተራመስ፣ የኔን በር የሚያንኳኩት አንዲት ቱርካዊት ብቻ ነበሩ።

ከአፓርታማዬ ፊት ለፊት ነው የሚኖሩት። ባላቸው ሞተውባቸዋል፤ በዕድሜም ከኔ ከፍ ይላሉ። እንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ነገር ስለማያውቅ «አብላ» እላቸዋለሁ፤ በነሱ ቋንቋ እትዬ እንደማለት ነው። የሁለታችንም እንግሊዝኛ ስብርብር ያለ ስለሆነ አንዳችን ባንዳችን አንስቅም።

ሲመጡ ሳህን ይዘው ነው። ወይ ባቅላባ፣ ወይ በስኳር ውኃ የራሰ ኬክ። የሰው ሳህን ደግሞ ባዶውን አይመለስም፤ በነሱም አገር እንደኛው ነውር ነው። እኔም በማር የለወስኩትን ዳቦ ሞልቼ እመልሳለሁ። «ስኳር አለብኝ» እንዳልል ይሉኝታ ያዘኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ሳህኑ ከቀረ እሳቸውም የሚቀሩ መሰለኝ። ስለዚህ ፊታቸው አንዷን እበላለሁ፤ ሲወጡ ጫማዬን አጥልቄ፣ ያቺን የበላኋትን ላራግፍ ብዬ መናፈሻውን እዞራለሁ። ወይ ሞኝነት!

አንድ ቀን ለዓይን ምርመራ ሄድኩ። ስኳር ያለበት ሰው በየጊዜው የዓይኑን ውስጥ ፎቶ ይነሳል፤ ከዚያ በፊት ጠብታ ያደርጉበትና ሁሉ ነገር ጭጋግ ይሆንበታል። እንደዚያ ሆኜ ተራዬን ስጠብቅ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ሻሽ ያሰረች ሴት «ወላሂ፣ ዓይኔ ተቃጠለ!» አለች። ድምፁን አወቅኩት።

«አብላ?»

«እንዴ! አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እርስዎስ?»

ሁለታችንም በሳቅ ፈነዳን። ለካ እሳቸውም የኔን ዳቦ የሚበሉት ይሉኝታ ይዟቸው ኖሯል! «ልትገድይኝ ነበር» አሉኝ። «እርስዎም አልተኙልኝም» አልኳቸው።

ስንመለስ የአውቶቡሱን ቁጥር ማንበብ አቅቶን፣ ተደጋግፈን የመጣውን ሁሉ «ወዴት ነው?» እያልን ስንጠይቅ ቆየን። አውቶቡሱ ውስጥ እጄን ያዝ አደረጉና «ይሄ በሽታ የመብል አይደለም» አሉኝ። «ባሌን በቀበርኩ ዓመት ነው የያዘኝ፤ ሐዘን ነው ያመጣብኝ። ሐኪሞቹ ምን እንደበላሁ ይጠይቁኛል። ከማን ጋር እንደበላሁ ግን አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም።» እኔም የኔ የድንጋጤ ነው ብዬ ነው የማምነው፤ ሐኪም ፊት ግን ትንፍሽ አልልም። በሬ ላይ ስንለያይ «ወላሂ ሁለተኛ አላመጣልሽም፤ አልገድልሽም» ብለው ማሉልኝ። እኔም ማልኩ።

መሐላችንን ጠበቅን። ሳህኑ ሲቀር ግን፣ እንደፈራሁት፣ እሳቸውም ቀሩ። ባዶ እጅ መምጣት አልሆነላቸውም፤ ለኔም ነውር ሆነብኝ። ታዲያ ሰላጣ ይዤ ልሂድ? ማን ሰው ቤት ሰላጣ ይዞ ይሄዳል! ብርዱም ገባ። ደረጃው ላይ ስንገናኝ «ስኳርሽስ?» «ደህና ነው፣ የእርስዎስ?» ተባብለን እንተላለፋለን። ቤቴ ገብቼ ከቴሌቪዥኑ ጋር ማውራት ጀመርኩ። እንዲህ ያለ ብቸኝነት ለጠላቴም አልመኝም።

ከወራት በኋላ ነርሷ የደሜን ውጤት ቼክ አደረገችና «ጎበዝ! በጣም ወርዷል እኮ፤ ምን ብታደርጊ ነው?» አለችኝ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። የደስታ መስሏት ሶፍት አቀበለችኝ። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው የሚለውን ለሷ በእንግሊዝኛ ከየት አምጥቼ ልንገራት?

ቤት እንደደረስኩ፣ ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ፣ የእሳቸውን በር አንኳኳሁ። ከፈቱ። ከፊቴ በፊት እጄን አዩ። ምንም አልያዝኩም። ቀለማቸው ልውጥ አለ።

«ማን ሞተ?» አሉኝ።

«ማንም አልሞተም፣ አብላ» አልኳቸው። «ሰው ርቦኝ ነው።»