ዳንቴል የለበሰው ማይክሮስኮፕ

ይህ የሆነው አምና ኅዳር ላይ ነው። ባስታወስኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ሕክምና ከመግባቴ በፊት ባዮሎጂ ተምሬያለሁ። የመመረቂያ ጥናቴን የሠራሁት ቤተ ሙከራ ተቀምጬ የወባ ደም ናሙና በማየት ነበር። አማካሪዬ "መስታወቱን መቶ ቦታ ሳታዪ የለም እንዳትዪኝ" እያሉ ዓይኔን አጠፉት። በኋላ የሕክምና ክፍል ጓደኞቼ "ያን ሁሉ ጊዜ በከንቱ አቃጠልሽው" እያሉ ይተርቡኝ ነበር።

ለእረፍት ቆሰበር ስገባ አጎቴን አልጋ ላይ አገኘኋቸው። ከጫግኒ ወዲያ ቆላ ወርደው ሰሊጥ ሲያጭዱ ከርመው መመለሳቸው ነው። ሰፈር ካለው ክሊኒክ የታይፎይድ መርፌ ሲወጉ ሰንብተው ጭራሽ መቃዠት ጀምረዋል። ባጃጅ ጠርቼ እዚያው ወሰድኳቸው።

"ደማቸው ለወባ ታይቷል?" አልኩት ኃላፊውን።

"ቆሰበር እኮ ብርድ ነው እህቴ። እዚህ ወባ ከየት ይመጣል?"

"የመጡት ከቆላ ነው። ጠይቀሃቸዋል?"

"ሐኪሙ ማነው? እኔ ነኝ አንቺ?"

አጎቴ እንደ ልብ የሚናገሩት አገውኛ ነው። እሱም የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ከየት እንደመጡ ለመጠየቅ አንድ ቃል ይበቃው ነበር።

ማይክሮስኮፑ ጥግ ላይ ቆሟል። እንደ ሳሎን ቴሌቪዥን ዳንቴል አልብሰው የፕላስቲክ አበባ አስቀምጠውበታል። ገፍፌ ጣልኩት። ደም ወስጄ፣ ቀለም ቀብቼ ማየት ጀመርኩ። ምንም የለም።

"አላልኩሽም?" አለ ከኋላዬ።

መስታወቱን ገፋ አድርጌ ቀጠልኩ። የአማካሪዬ ጭቅጭቅ ጆሮዬ ውስጥ ባይኖር ያኔ ተነስቼ ነበር። ብዙ ቦታ ካለፍኩ በኋላ ቀለበት የመሰለ አንድ ነገር ታየኝ። ቀጥሎ ሌላ። ወባ ነው።

አጎቴን ወዲያው ሆስፒታል አስገባኋቸው። እዚያ ያለው ሐኪም "ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ..." ብሎ ሳይጨርሰው ተወው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፉ።

ሰውዬው ይቅርታ ይጠይቃል ብዬ ክሊኒኩ ሄድኩ። ሞኝ ነኝ። ዓይኑን በጨው አጥቦ "እንኳን ዳኑ። ወባው በኋላ የያዛቸው ይሆናል" አለኝ። ዳንቴሉ ታጥቦና ተተኩሶ ቦታው ተመልሷል።

በከንቱ አቃጠልሽው ለሚሉኝ አሁን መልስ አለኝ። ንዴቴ ግን አልበረደም። አጎቴስ ነቅተዋል፤ ዳግም እዚያ ክሊኒክ አይረግጡም። ዘንድሮ ለአጨዳ ቆላ የወረዱት ጎረቤቶቻችን ግን ትኩሳት ይዟቸው ሲመለሱ የሚገቡት በዚያው ክሊኒክ በር ነው።