አንጓ መስጠት

ቀኝ እጄ ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ ያለኝ በረዶ መጣል በጀመረ ሰሞን ነው። ጡጫ ልጨብጥ ስል ጣቶቼ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማሉ። የሸሚዝ ቁልፍ፣ የወተት ክዳን፣ የመኪና መሪ፣ ሁሉም ልመና ይፈልጋል። ረፋዱ ላይ ይለቀኝና ታምሜ እንደነበር እንኳ እጠራጠራለሁ። ግራው ደግሞ ቀኙን እያየ መማር ጀምሯል።

ማንበብ ስለምወድ አነበብኩ፤ አንብቤም ባሰብኝ። ሪህ ድንገት ተነስቶ አንድ መገጣጠሚያን፣ ብዙ ጊዜ የእግርን አውራ ጣት፣ ያነድዳል ይላል አንዱ ጽሑፍ። በዕድሜ ብዛት ያለቀ መገጣጠሚያ ሲሠራ ያማል፣ ሲያርፍ ይሻለዋል። ሰውነት የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ዕረፍት ያደርቀዋል፣ እንቅስቃሴ ያፍታታዋል። እኔ በሦስቱም ውስጥ ራሴን አገኘሁ።

የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የምትሠራው ባለቤቴ ኮምፒውተር ላይ መጣበቅ ያመጣው ነው አለች። ኢገን ከተማ ባለው አፓርታማችን ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩት ኤርትራዊ ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ብርድ ነው የመታህ ብለው ወፍራም ጓንት ሰጡኝ። ብርዱ ሚኒሶታን በሙሉ እየመታ ለምን የእኔን ጣት ብቻ እንደመረጠ ጠየቅኋቸው። ጋሼ ጓንቱን ራሳቸው አጠለቁልኝ።

በዚህ መሃል አንድ ልማድ አመጣሁ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍም ሆነ ለቅሶ ቤት፣ ሰው እጁን ሲዘረጋልኝ ጣቶቼን አጥፌ የእጄን አንጓ እሰጣለሁ፤ ገና እጁን ታጥቦ እንደመጣ ሰው። እኛ ዘንድ ይህን ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። አንጓዬን ነቅነቅ አድርገው ያልፋሉ።

ባለቤቴ ግን ከለቅሶ ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ “እጅህን መቼ ታጥበህ ነው ለሰው ሁሉ አንጓ የምትሰጠው?” አለችኝ። ስለ ጉንፋን መተላለፊያ መንገዶች ሰፊ ማብራሪያ ሰጠኋት። በማግስቱ የመገጣጠሚያ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዘችልኝ።

ሐኪሟ ወጣት አሜሪካዊት ናት። ጠዋት ድርቀቱ ምን ያህል እንደሚቆይ ጠየቀችኝ። ቀጥላም ሰው ሲጨብጠኝ ያመኝ እንደሆነ። አያመኝም አልኩ። ቀኝ እጄን ያዘችና የጣቶቼን ሥር ከጎንና ከጎን ጨመቀችው፤ ከወንበሬ ተነሳሁ።

“አያመኝም አላልክም?”

“የሚጨብጠኝ ሰው የለም።”

ባለቤቴ የአንጓውን ነገር ልታስረዳት ሞከረች፤ ሐኪሟ ግራ ሲገባት ባለቤቴ የራሷን አንጓ ዘረጋችላት። ሐኪሟም ምን እንደምታደርገው ሳታውቅ ያዘችው።

የደም ምርመራው ንጹህ ሆነ። ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል፣ ሐኪሟ ደሙ ንጹህ ቢሆንም ሰውነት የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ አለብህ አለችኝ። የሁለቱም እጆቼ ተመሳሳይ መገጣጠሚያዎች አብጠዋል፤ ጉዳቱ በራጅ እስኪታይ ብንጠብቅ የተበላው አጥንት አይመለስም። በሳምንት አንዴ ብቻ የሚዋጥ ኪኒን አዘዘች፤ ኪኒኑ ጉበት ሊጎዳ ስለሚችል ጉበቴም በየጊዜው ይመረመራል። ማስረጃ ሳያዩ ከሚያምኑ ሰዎች ጋር ስከራከር ነው የኖርኩት። አሁን ማስረጃው የለብህም ያለኝን በሽታ እንዳምን ተጠየቅሁ። ኪኒኑ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፤ እኔ መከራከሬን ቀጠልኩ።

“ክርክሩን አሸንፍ፤” አለች ባለቤቴ። “ግን ሥራ ቦታ ሳጎርስ ውዬ ቤት ደግሞ አንተን አላጎርስም።”

ዋጥኩት።

ኪኒኑ እስኪሠራ ወራት ሊወስድ እንደሚችል ተነግሮኛል። የሸሚዝ ቁልፍ መታዘዝ ሲጀምር በረዶውም ቀልጦ ነበር። ጋሼ መግቢያው ላይ አግኝተውኝ ጣቶቼን አዩና፣ “አላልኩህም? ብርድ ነው፤” አሉ። ኪኒኑ ይሁን ጸሐዩ፣ ወይስ ጓንቱ፣ እኔ በምን አውቄ?

እጃቸውን ዘረጉልኝ። አንጓዬ ከልማዱ የተነሳ ራሱ ተነሳ። እሳቸው መዳፋቸውን ከፍተው ጠበቁ። ጣቶቼን ዘርግቼ ሰጠኋቸው፤ ዕድሜ ልኩን የአውቶቡስ መሪ ሲያዞር በኖረ እጅ ጨመቁኝ።

“አመመህ እንዴ?”

“አላውቅም፣ ጋሼ።”

ሕመሙ ይሁን ሕመሙን መጠበቄ፣ በእውነት አልለይ አለኝ። እሳቸው አልለቀቁኝም፤ እኔም እጄን አልሳብኩም።