ደግፌና ዝምተኛዋ ሣጥን

ባሌ ደግፌ መሸሻ ክፉ ሰው አይደለም። አይጠጣም፣ አይቅምም፣ ከጎረቤት አይጣላም። አንድ አመል ብቻ አለበት፤ ኮምፒውተር ፊት ከተቀመጠ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ የሚነሳው መብራቱ ሲቋረጥበት ነው። እንዲህ መሆኑን እያወቅሁ ነው ያገባሁት፤ ስለዚህ ማንንም አልወቅስም፣ እሱን ካልሆነ በቀር።

የምንኖረው ዓለም ባንክ ሰፈር፣ አባቴ ግቢ ውስጥ ነው። አባቴ ጋሽ የኔሰው ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የእድራችን ጸሐፊ ነው። ጸሐፊ ሲባል ቀለል ያለ ይመስላል፤ የእኛ እድር ሊቀመንበር ግን አባቴን ሳያስፈቅድ አያስነጥስም። አባቴ ነገር ተበላሽቶ ማየት አይወድም። ያየውን ሁሉ ያስተካክላል፤ የሰው መጋረጃም ቢሆን።

ደግፌ አንድ መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ባለሙያ ነበር። ባለሙያ ይበሉት እንጂ የአለቆች ፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት ሲጎትት ነው የሚውለው። አምሐ የሚባል የኮሌጅ ጓደኛው ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ የሚሆኑ ትንንሽ ሰርቨሮች የሚሠራ ድርጅት ሲከፍት ግን ሥራውን ለቀቀ። አምሐ አንዲት የጫማ ካርቶን የማታክል ሣጥን ሰጠውና፣ «የሰርቨሩን ኦፕሬቲንግ ሲስተም እዚች ላይ አስነሳልኝ። እስከ ቅዳሜ ነፍስ ከዘራህባት የእኔ ሰው ነህ፤ ካልሆነ ከውጭ ባለሙያ አስመጣለሁ» አለው።

ካልሆነ ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን። ታላቅ ወንድሙ መርካቶ ሱቅ አለው፤ ደግፌን የሞባይል ሽፋን ሊያሸጠው ወንበር አዘጋጅቶ እየጠበቀ ነው። የሞባይል ሽፋን መሸጥ ነውር ሆኖ አይደለም። ደግፌ ግን እዚያ ወንበር ላይ ከተቀመጠ ቁሞ እንደሚሞት አውቃለሁ፤ እፈራ የነበረውም ይህንን ነው።

አባቴ በዚህ ሁሉ ደስተኛ አልነበረም። ወንድ ልጅ ጧት ወጥቶ ማታ መግባት አለበት ባይ ነው። «ቤት የሚውል ወንድና ጓዳ የገባ በሬ አንድ ናቸው» ይላል። እንዲህ የሚል ተረት የለም። አባቴ የሚፈልገው ተረት ካጣ ራሱ ይፈጥራል።

አንድ ቀን ከደግፌ ኋላ ቆሞ ስክሪኑ ላይ እንደ ጎርፍ የሚወርደውን ጽሑፍ ሲያይ ቆየ።

«ይሄ ሁሉ ምንድነው?»

«ክሮስ ኮምፓይለር እየሠራሁ ነው፣ አባባ።»

«በአማርኛ።»

ደግፌ ትንሽ አሰበ። «ለቅሶ ቤት ምግብ አይሠራም አይደል? ጎረቤት በየቤቱ አብስሎ ነው የሚያመጣው።»

«ወግ ነው።»

«ይቺም ሣጥን አቅም የላትም፤ የራሷን ምግብ ማብሰል አትችልም። እኔ ትልቁ ኮምፒውተር ላይ አብስዬ እወስድላታለሁ። ችግሩ ጨጓራዋ ከትልቁ ይለያል፤ ትልቁ የሚበላውን ባቀርብላት አይስማማትም። ስለዚህ መጀመሪያ ለእሷ የሚስማማ ምግብ የሚያበስል ወጥ ቤት ከነድስቱ፣ ከነምድጃው፣ ከነወንፊቱ ማቋቋም አለብኝ። ቱልቼን የሚሉት ይህንን ነው።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። የገባው መስሎን ደስ አለን።

«ታዲያ የሞተው ማነው?»

«ማንም አልሞተም፣ አባባ።»

«ገና ነው በለኛ» ብሎ ወጣ።

እንዲህ ይናቀው እንጂ ኮምፒውተሩን አልናቀውም። የእድሩን ማስታወቂያ የሚጽፈው በእሱ ነው። ደግፌ የይለፍ ቃሉን ሰጥቶታል፤ የሚስት አባት ሲጠይቅ እንቢ የሚል ሰው ካለ አላየሁም። ቀኑ በራሱ የሚገባበት ቅጽም አዘጋጅቶለታል፤ አባቴ ስሙንና ጉዳዩን ብቻ ይሞላል።

ጣጣውን ያመጣው ይሄ በራሱ የሚገባ ቀን ነው። ከፋሲካ በኋላ እድሩ ስብሰባ ጠራ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ጥሩብርሃን አልመጡም። በሚቀጥለው ስብሰባ አባቴ ተነስቶ ቅጣት ይክፈሉ ሲል፣ ወይዘሮ ጥሩብርሃን ከቦርሳቸው ማስታወቂያውን አወጡና ለሕዝቡ አነበቡ።

«ይኸው ዓመቱ 2026 ይላል። ዘንድሮ 2018 ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ ለሚደረግ ስብሰባ ዛሬ ልቀጣ? እግዜር ዕድሜ ከሰጠኝ ያኔ እመጣለሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ አባቴ ሲያየኝ ግን ሳል አስመሰልኩት።

አባቴ ሲያፍር አይናገርም፣ ያስተካክላል። ደግፌ ወንድሙ ጋ መርካቶ በሄደበት ጧት መነጽሩን አደረገና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ዓመቱ 2026 ይላል፤ 2018 አደረገው። ወሩ አራተኛ ይላል፤ ሚያዝያ ስምንተኛ ወር ነውና ስምንተኛ አደረገው፤ ቀኑንም በእኛው አቆጣጠር ለወጠው። ከጧቱ አራት ሰዓት ሆኖ ሳለ ማሽኑ አሥር ይላል፤ አራት አደረገው። ማሽኑ እምቢ ብሎ ወደ ድሮው ሲመለስበት፣ ቀኑን በራሱ የሚያስተካክልባትን ማብሪያ ፈልጎ አገኘና አጠፋት። የተጀመረ ሥራ ግማሽ ላይ መተው አያውቅም። እኛ ግን ይህን ሁሉ አላወቅንም፤ ለማንም አልተናገረማ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የደግፌ ሥራ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። ስህተቱን ያገኛል፣ ያርማል፣ ማሽኑን እንደገና ሥራ ይለዋል። ማሽኑ «ሁሉም የተሟላ ነው፤ የሚሠራ ነገር የለም» ብሎ ይመልስለታል። ያለውን ሣጥኗ ላይ ይጭናል፤ ሣጥኗ ቀይ መብራቷን አብርታ ዝም። ሌላ ያርማል፤ «የሚሠራ ነገር የለም» ይለዋል። ድረ ገጾችም በዚያው ሰሞን አንከፈትም አሉት። ያንን በኔትወርኩ አሳበበ። እዚህ አገር ኔትወርክን ወቅሶ የተሳሳተ ሰው ስለሌለ እኔም አመንኩት።

አንድ ቀን ከምሠራበት መድኃኒት ቤት ስመለስ ፀጉሩን ይዞ አገኘሁት።

«ማራኪ፣ ማሽኑ ከወደፊት የመጣ ፋይል አለ ይለኛል» አለኝ።

«ከወደፊት እንዴት ይመጣል?»

«ሰዓትህ ተዛብቷል ማለቱ ነው። ግን አየሁት እኮ፣ ትክክል ነው። እስቲ አንቺም እዪው።»

አየሁ። ወሩ ስምንት፣ ዓመቱ 2018 ይላል። ሰዓቱ አሥራ ሁለት ተኩል፤ የእጅ ሰዓቴም አሥራ ሁለት ተኩል። በ2018 ዓመተ ምሕረት የሚኖር ሰው 2018 የሚል ቢያይ ምን ብሎ ይደንግጥ? ተማርን የምንል ሁለት ሰዎች እዚያ ቆመን፣ ሰዓቱ ልክ ነው ብለን መሰከርን። በዚያ ሳምንት ቤታችን ውስጥ ልክ የሆነ ነገር እሱ ብቻ መሰለን።

ደግፌ ምግብ ቀነሰ። ሣጥኗን «እናቴ፣ ምን ጎደለብሽ?» ብሎ ሲለምናት ሰማሁት። አባቴም ሰምቶ፣ «አሁን ገባኝ፤ የሞተችው እሷ ናት» አለ። እኔ አልሳቅሁም። ምክንያቱም በዚያው ዕለት ደግፌ፣ «ለወንድሜ እሺ ልበለው መሰለኝ» ብሎኝ ነበር። እንዲህ ሲል አያየኝም ነበር።

ሐሙስ ዕለት አምሐ የደረስክበትን አሳየኝ ስላለው፣ እንደ ምንም ብሎ ከባዶ የሠራውን አንድ ክፍል ላከለት። አምሐ ወዲያው ደወለ። ስልኩ ድምፁን ለቤቱ ሁሉ ያሰማ ነበር።

«ደግፌ፣ የማንን ሥራ ነው የላክህልኝ?»

«የእኔን ነዋ!»

«የተሠራበት ቀን እኮ ነሐሴ 2018 ይላል፤ በፈረንጅ! ያኔ ኮሌጅ ውስጥ ካርታ ስንጫወት ነበር። ከኢንተርኔት አግኝተኸው ከሆነ ንገረኝ፤ የሌላ ሰው ሥራ የእኔ ነው የሚል ሰው ግን ቢሮዬ አላስገባም።» ዘጋው።

የደግፌ ፊት አመድ መሰለ። ሥራ የሚያጣ ሰውና ሌባ የተባለ ሰው ፊታቸው እንደሚለያይ ያን ቀን አየሁ። ስልኩን አስቀመጠና፣ «በፈረንጅ...» አለ። የስክሪኑን ጥግ አየ። እኔም አየሁ። «በፈረንጅ 2018!» ብሎ ጮኸ።

አባቴ አዲስ ማስታወቂያ ሊጽፍ በር ላይ ደርሶ ኖሯል። «ሰዓቷን ነው?» አለ ደረቱን ነፍቶ። «እኔ ነኝ ያስተካከልኳት። ይህን ያህል ዘመን ተሳስታ እያያችሁ ዝም ትላላችሁ።»

«አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ አባት ነውና ዋጥኩት። ዋጥኩት እንጂ «አባዬ!» ብዬ የጮህኩት ጩኸት ወይዘሮ ጥሩብርሃን ግቢ ድረስ ተሰምቷል። ደግፌ ግን ሳቀ። ሆዱን ይዞ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሳቁ አለቀና እንባው ቀጠለ፤ አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ።

ሲረጋጋ ተነስቶ ለአባቴ ወንበር አቀረበለት።

«ልክ ነዎት፣ አባባ። ዘመኑ 2018 ነው። ማሽኑ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ሥራ ሲታዘዝ ሽንኩርቱንና ወጡን ያስተያያል። ሽንኩርቱ ከወጡ በኋላ የገባ ከሆነ አዲስ ወጥ ይሠራል፤ ወጡ ከሽንኩርቱ በኋላ የተሠራ ከሆነ ግን የሚሠራ የለም ይላል። እኔ ዛሬ የገዛሁትን ሽንኩርት የዛሬ ስምንት ዓመት የተገዛ መሰለው። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ አሮጌውን ወጥ ነው ያበላኋት።»

አባቴ ከወንበሩ ተነሳ። ከዚያ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ወጣ። ስብሰባ አልነበረውም።

ደግፌ ሰዓቱን መለሰ፣ የተሠራውን በሙሉ ደመሰሰ፣ ከሀ ጀመረ። ዓርብ ቀን ከሥራ ቀርቼ ሻይ ሳቀርብለት ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ የሣጥኗ ቀይ መብራት ጠፍቶ አረንጓዴው በራ፤ ስክሪኑ ላይም ጽሑፍ መውረድ ጀመረ። ጮኽን። ደስታችን ግን ሙሉ አልሆነም፤ ሣጥኗ ብትነሳም የአምሐ ልብ መመለሱን ማን ያውቃል?

ቅዳሜ ጧት ለመውጣት ስንሰናዳ አባቴ የቀብር ካፖርቱን ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። «እኔም እሄዳለሁ» አለ። ሌላ የሚያስተካክለው ነገር አግኝቶ እንዳይሆን ብዬ ፈራሁ፤ ግን ማን ይከለክለዋል? ሦስታችን በታክሲ ወደ ጦር ኃይሎች ሰፈር ሄድን፤ ሣጥኗ ጭኔ ላይ ነበረች።

የአምሐ ቢሮ ሁለት ጠረጴዛና ነኢማ የምትባል አንዲት ሠራተኛ ያለበት ክፍል ነው። ደግፌ ሣጥኗን ሰካ። ተነሳች። አምሐ ጎንበስ ብሎ አያት፣ አጥፍቶ አስነሳት፤ ደግማ ተነሳች።

«ሥራው ጥሩ ነው» አለ። «ሐሙስ የላክኸውስ?»

«የእኔው ነው። የኮምፒውተሬ ሰዓት ተሳስቶ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።»

«ሰርቨር የሚይዝ ሰው የራሱን ሰዓት አያይም?»

ደግፌ አንገቱን ደፋ። አባቴን ከቶ አላነሳም። ልናገር ስል አባቴ በከዘራው መሬቱን መታና ተነሳ።

«የተከበራችሁ ወገኖች» አለ። ወገኖቹ ሁለት ነበሩ። «ቃለ ጉባኤ የሚይዝ አለ?»

ነኢማ ግራ ተጋብታ አምሐን አየችና እስክሪብቶ አነሳች።

«በጸሐፊነት ዘመኔ የጻፍኩትን ቃለ ጉባኤ አንድም ቀን አርሜ አላውቅም። ዛሬ ግን ይታረምልኝ። ሰዓቱን የነካሁት እኔ የኔሰው ነኝ፤ ያውም ሳልጠይቅ፣ ያውም እየኮራሁ። ይህ ልጅ ሽማግሌ እንዳያፍር ብሎ ነው ጥፋቱን የወሰደው። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ቤት የሚውል እያልኩ ሳዋርደው፣ እሱ ወንበር እያቀረበ አስረዳኝ። ሌብነት የሚባል ነገር ከተነሳ እኔ ዋስ ነኝ። ጨርሻለሁ።»

ተቀመጠ። አባቴ ተሳስቻለሁ ሲል በዕድሜዬ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ አለቀስኩ፣ አላፈርኩበትም።

አምሐ አንዴ አባቴን አንዴ ደግፌን አየና ሳቁ አመለጠው። «ሰኞ ሥራ ግባ» አለው ለደግፌ። «አባባ፣ እርስዎ ግን የቢሮዬን ሰዓት እንዳይነኩብኝ።»

«የእናንተ የግድግዳ ሰዓት አምስት ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል» አለ አባቴ።

ወደ ዓለም ባንክ የሚሄድ ታክሲ ቆመልን። ጋቢናው ውስጥ አንድ ቦታ አለ። አባቴ ጋቢና ካልተለቀቀለት የሚቀጥለውን ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ነው። የጋቢናውን በር ከፈተና ወደ ደግፌ ዞረ።

«ግባ።»

«ኧረ አባባ፣ እርስዎ እያሉማ...»

«ግባ አልኩህ!»

ደግፌ ገባ። አባቴ በሩን ራሱ ዘጋለትና ከዘራውን ይዞ ከኋላ ወንበር፣ ከእኔና ጎመን ከተሸከመች ሴትዮ መሀል ተጣቦ ተቀመጠ።