እሑድ እሑድ የምትጠፋው ሞተር

ባለፈው እሑድ ጠዋት፣ ከሐይቅ ዳሯ ከተማችን ምሥራቅ ወደ መሃሏ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ሞተሬ ለሰባተኛ ጊዜ ጠፋችብኝ። መብራቷም፣ ድምፅዋም አንድ ላይ... ድርግም።

ከኋላዬ የባለቤቴ እናት፣ እማማ የሺ ተቀምጠዋል። ቅዳሴ ላደርሳቸው ነበር።

«ደግሞ ጠፋች?» አሉኝ፣ ሄልሜታቸውን እያወለቁ። ድምፃቸው ውስጥ ምንም መደነቅ አልነበረም። ያኔ ልብ ብል ኖሮ የሆነው ሁሉ ባልሆነ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። ሞተሯን የገዛሁት ከሁለት ወር በፊት ከጋሽ ላሚሶ ነው። ጋሽ ላሚሶ እኔ የማስተምርበት ግቢ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ናቸው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሻይ ጠጥተናል። ሞተሯ ያገለገለች ብትሆንም እንደ ልጅ ነው የያዟት። ሥራ ስሄድና ስመለስ አንድም ቀን አስቸግራኝ አታውቅም። እሑድ ሲሆን ግን መንገድ ላይ ቀጥ ትላለች።

እኔ ደግሞ የማስተምረው ሎጂክ ነው። እንዲህ ያለ ነገር አያስደነግጠኝም። ደብተር ከፈትኩ። የጠፋችበትን ቀን፣ ሰዓት፣ የአየሩን ሁኔታ፣ የባትሪውን ጉልበት ሁሉ መዘገብኩ።

ሁሌም እሑድ፣ ሁሌም በማለዳ። መደምደሚያ፦ የሐይቁ እርጥበት ሽቦ ውስጥ እየገባ ነው። ሽቦውን ሁሉ በፕላስተር ጠቀለልኩት።

በሳምንቱ ሐሙስ እማማ የሺን ለደም ግፊታቸው ሐኪም ቤት ሳደርስ፣ በጠራራ ፀሐይ ጠፋች። መደምደሚያውን አሻሻልኩት፦ እርጥበትም፣ ሙቀትም።

ደግነቱ በጠፋች ቁጥር አስነሳታለሁ። አንድ ቀን ካንዴላውን፣ ያንን እሳት የሚያስነሳውን ዕቃ፣ አውጥቼ ጠረግኩት... ተነሳች። ሌላ ቀን ፊውዙን ነቅዬ መለስኩት... ተነሳች። እማማ የሺም ከኋላ ሞተሯን ደግፈው እየያዙልኝ «እጅህ ይባረክ» ይሉኛል። አንድ ነገር ሌላውን ተከትሎ ስለመጣ ብቻ ምክንያቱ ያ ነው ማለት ስሕተት እንደሆነ በየሴሚስተሩ አስተምራለሁ... ለተማሪዎቼ።

እማማ የሺ በሞተሯ ላይ አንድ ቅሬታ ብቻ ነበራቸው። «ቀስ በል፣ ልጄ» ይሉኛል።

«ፍጥነት አንጻራዊ ነው፣ እማማ» እላቸዋለሁ።

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ይሰበስባሉ። ያሳመንኳቸው ይመስለኝ ነበር።

ወደ ባለፈው እሑድ ልመለስ። አንድ ባጃጅ ልቀድም ስል ነው የጠፋችው። ካንዴላ ጠረግኩ፣ ፊውዝ ነቀልኩ፣ የባትሪውን ሽቦ አጠበቅኩ። ወይ ፍንክች! እማማ የሺ በዚህ ቀን ሞተሯን አልደገፉልኝም፤ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው፣ እጃቸውን አጣምረው ያዩኛል።

ደሜ ፈላ። ጋሽ ላሚሶ ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ... ብልሽት እንዳላት እያወቁ ነው የሸጡልኝ?»

ድምፃቸው ቀዘቀዘ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰምቼው የማላውቀው ቅዝቃዜ ነው።

«የት ነህ?» አሉኝ። «መጣሁ።»

«ምነው፣ ሰውየውን ትወቅሳለህ?» አሉ እማማ የሺ፣ ስልኩን ስዘጋ። ፊታቸው ትንሽ ተለወጠ።

«የሸጡልኝ እሳቸው ናቸዋ!» አልኩ፣ በሙሉ ልብ።

ጋሽ ላሚሶ በባጃጅ ደረሱ። እኔን በራስ ምልክት ብቻ ሰላም አሉኝ፤ እማማ የሺን ግን ጎንበስ ብለው። ፊውዝ አላዩ፣ ካንዴላ አልነኩ። ከኋለኛው መቀመጫ ሥር እጃቸውን ሰደዱና አንድ ነገር ቀጭ አደረጉ። ቁልፉን አዞሩ። ሞተሯ እንደ ድመት ማንኮራፋት ጀመረች።

«ምንድን ነው የነኩት?»

«የሌባ ማጥፊያ ነዋ። ሌባ እንዳይወስዳት ኤሌክትሪኩን እንድትቆርጥ ደብቄ ያስገባኋት ማብሪያ ማጥፊያ ናት።» ከዚያ ትክ ብለው አዩኝ። «ሞተሯን ቤት ያመጣሁ ቀን አንተ አልነበርክም። ለእማማ አሳየኋቸው። ለቤቱ ትልቅ ሰው ከተነገረ፣ ለቤቱ ተነገረ ማለት አይደለም እንዴ?»

ሁለታችንም ዞርን። እማማ የሺ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ነበር።

«ረስተውት ነው፣ እማማ?» አልኩ፣ መውጫ በር ልከፍትላቸው።

«ምን ያስረሳኛል! ጉልበቴ እንጂ ጭንቅላቴ አላረጀም።»

«ታዲያ?»

«ነጠላዬ ከትከሻዬ ተነስቶ ወደ ጎማው ማየት ሲጀምር አጠፋታለሁ። አንተ ወርደህ ስትነካካ፣ ስትነካካ ቆይተህ ስትረጋ፣ መልሼ አበራታለሁ። ዛሬ ግን አላበራትም አልኩ። ጎማው ነጠላዬን ቢይዘው የምጎተተው እኔ ነኝ፣ ልጄ። ስንቴ ቀስ በል አልኩህ?»

አንጻራዊ የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

ከዚያ ወደ ጋሽ ላሚሶ ዞሩ። «አንተን ይናገርሃል ብዬ መች አሰብኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በለኝ።»

«ኧረ በእግዜር፣ እማማ!» አሉ ጋሽ ላሚሶ። እኔን ግን አሁንም አላዩኝም።

ጎንበስ ብዬ የጋሽ ላሚሶን ጉልበት ልይዝ ስል ትከሻዬን ይዘው አቆሙኝ።

«ብትጠይቀኝ ይበቃ ነበር» አሉ። «ጠፋች፣ ምን ላድርግ ብትለኝ በአንድ ደቂቃ እነግርህ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ሻይ ስንጠጣ ስለ ሞተሯ አንድ ቀን አልጠየቅከኝም።»

እውነት ነው። በራሴ የምደርስበት መስሎኝ ነበር።

«አሁን ግን ማጥፊያዋን ልንቀልልህ?» አሉኝ፣ እጃቸውን ወደ መቀመጫው ሥር እየሰደዱ።

«ምን በወጣት!» አሉ እማማ የሺ።

«ተዉት ጋሼ» አልኩ እኔም።

ቅዳሴው ሳያልቅ ደረስን፤ እማማ የሺ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አስረው፣ ባጃጆቹ ሁሉ እየቀደሙን። ሰኞ የጋሽ ላሚሶን ሻይ ቀድሜ አዘዝኩ፤ ሁለት ስኳር ጨምረው ጠጡት... ታርቀናል ማለት ነው።

ደብተሬ ላይ የመጨረሻውን መስመር ጽፌ ዘጋሁት፦ ብልሽቱ ተገኝቷል፤ የፊተኛው መቀመጫ ላይ ነው።