ክንፍ የሚያወጡት ጸረ ሰብሎች

ማትሪክ ተፈትኜ ውጤት የምጠብቅበት ክረምት ነበር። ቁጭ ማለት አልችልም፤ የሰፈሩን ሰው ማመልከቻ ሁሉ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ያኔ ኩልፎ ወንዝ ዳር ያለው የአባቴ ሙዝ ልጣጩ እንደ ዛገ ቆርቆሮ ቀላ፣ ሻከረ። የገበሬ ማኅበሩም «ሆን ብሎ ነው ያበላሸው፤ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው፤ መሬቱ ለሌላ ይሰጥ» አለ። ከዚያች መሬት ሌላ አባቴ ምንም የለውም።

ጥፋተኛውን አውቀዋለሁ። አንድ የግብርና ሠራተኛ በአጉሊ መነጽር አሳይቶኛል፤ ትሪፕስ ይባላል፤ በሙዙ ጣቶች መሃል ተወሽቆ የሚመጥ፣ በእርሳስ ከተጫረች ሰረዝ የማይበልጥ ነገር ነው። መሬቱ እንዳይወሰድ ለካድሬው በጻፍኩት ማመልከቻ «ተባይ» ብል ያበቃ ነበር። እኔ ግን ማመልከቻው ክብደት እንዲኖረው ብዬ «በእርሻችን ጸረ ሰብሎች ሰርገው ገብተዋል» አልኩ። በዚያ ዘመን ጸረ የተባለ ነገር ሁሉ ሰው ነበር።

በሳምንቱ ካድሬው አባቴንና እኔን አስጠራን። አባቴ አፉን የፈታው በጋሞኛ ነው፤ አማርኛ ሲናገር የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል።

«ስንት ናቸው?»

«ብዙ ናቸው ጓድ። አይቆጠሩም።»

«የት ነው የሚደበቁት?»

«ሙዝ ውስጥ። ሙዝ ሲያጡ ብርቱካን ላይ ይሄዳሉ። እሱም ከጠፋ አረም ውስጥ ይቆያሉ።»

«መሸሸጊያ አላቸው ማለት ነው። መሪያቸውስ?»

«መሪ የላቸውም። ትንንሽ ናቸው። ሲያድጉ ግን ክንፍ ያወጣሉ።»

«የትኛውን ክንፍ? ግራ ነው ቀኝ?»

አባቴ አሰበ። «ሁለቱንም» አለ።

ካድሬው ጻፈው። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ግን ዋጥኩት፤ ሰው ከዚህ ባነሰ ታስሯል።

«ጓድ፣ ነፍሳት እኮ ናቸው» አልኩ።

«ነፍሳት? እዚህ ቢሮ የጴንጤ ስብከት የለም።»

በቃል እንደማይሆን ሲገባኝ ካድሬውን ኩልፎ ድረስ ይዤው ሄድኩ። ነጭ ወረቀት ከሙዙ ዘለላ ሥር ዘርግቼ ዘለላውን መታ መታ አደረግሁት። ረገፉ፤ ወረቀቱ ላይ መራመድ ጀመሩ። ካድሬው ጎንበስ ብሎ ብዙ አያቸው።

«ተባይ ብትዪ ምን ነበረበት፣ አንቺ?»

«አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ» አልኩት።

«እኔ እኮ ለበላይ አካል አሳውቄአለሁ» አለ ቀስ ብሎ። አሁን የፈራው እሱ ነበር።

በመጨረሻ እንዲህ ወሰነ፦ መሬቱ በአባቴ እጅ ይቆይ፤ ጸረ ሰብሎቹ ግን በጥብቅ ክትትል ሥር ይሁኑ። ክትትሉም ለእኔ ተሰጠ። ሰኞ ሰኞ እየቀረብኩ «ስብሰባ አላደረጉም፤ ወረቀት አልበተኑም» ብዬ ፈረምኩ። አንድም ቃል አልዋሸሁም። ሙዙን ግን መምጠጣቸውን አልተዉም። አባቴ ተስፋ ቆርጦ ነቀለውና በቆሎ ዘራበት፤ እኔም «አካባቢውን ለቀዋል» ብዬ ፋይሉን አዘጋሁ።