የማያፈስ ባልዲ

አያ ሰውአገኝ ከኮሶዬ ወርደው ጎንደር ልጃቸው ፀደይ ቤት ሲገቡ፣ አንዲት የጌሾ ተክል ከነአፈሯ እንደ ሕፃን ታቅፈው ነበር። ሟች ሚስታቸው ውቢት የተከለቻት ናት። ውቢት አልጋ ላይ ሳለች፣ «አንተ ሰው፣ የሙት ዓመቴን ጠላ በራሴ ጌሾ አስጠምቅልኝ። እሷን ግን እንዳታደርቃት፤ ለልጅ ልጅ ትቁም» ብላ አደራ ሰጥታቸዋለች።

የፀደይ ግቢ ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ነው። እናም ትልቅ የቀለም ባልዲ ፈልገው አገኙ፤ አጠቡት፣ ውሃ ሞልተው ፈተሹት። ጠብ የሚል የለም! ጌሾዋን በእሱ ተከሏት።

እስቲ አስቡት፤ ዕድሜ ልካቸውን ያረሱት ቁልቁለት ነው። ኮሶዬ ላይ ያፈሰሱት ውሃ ሥር ሳይይዘው ገደሉን ይወርዳል። የሚያውቁት ጭንቀት አንድ ነው፦ ውሃ እንዳያመልጥ።

ጎረቤታቸው ዐዚዛ በዘይት ጣሳ አበባ ታሳድጋለች። ስታጠጣ ከሥሩ ጠብ ጠብ ይላል።

«ዐዚዛ፣ የነጋዴ ልጅ ሆነሽ ደኅና ዕቃ አጣሽ? ሁሉም ያፈሳል እኮ!»

«የእርስዎስ፣ አያ ሰውአገኝ?»

«የእኔማ ጠብ አትል!»

ዐዚዛ ቀልድ መስሏት ሳቀች።

ጌሾዋ ለጋ ቅጠል ስታወጣ ሽማግሌው የሚሆኑትን አጡ። ጠዋትም ማታም ያጠጧታል። በጋው ሲገፋ ግን ቅጠሏ ገረጣ። «ጠምቷት ነው» ብለው ጨመሩላት። ረገፈ። አሁንም ጨመሩላት። የቧንቧ ውሃ በጠፋበት ሳምንት እንኳ ከሚጠጡት ቀንሰው አካፈሏት። የረገፈውን ቅጠል ግን አልጣሉትም፤ እየለቀሙ አኖሩት።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ዐዚዛን ጠሯት። ግንዱን ይዛ ሳብ ብታደርገው፣ ያለ ምንም ትግል ተነቅሎ መጣ። ሥሩ ጠቁሮ በስብሷል። ባልዲውን አዘንብላ ታቹን ዳሰሰች።

«ምነው አያ ሰውአገኝ፣ ቀዳዳ የለውም እንዴ? ሥር እኮ ሲጠጣም መተንፈስ አለበት። ውሃው መሄጃ ሲያጣ አፈናት።»

«እኔ ነኝ የገደልኳት?»

ዐዚዛ ግንዱን ቀስ ብላ መሬት ላይ አጋደመችው። ጭቃ የነካው እጇን ታሻሽ ጀመር።

ፀደይ ጌሾ ከገበያ ገዝታ ነበር። እሳቸው ያኖሩትን ቅጠል ከደረቀው ግንድ ጋር ራሳቸው ወቅጠው ጨመሩበት። በሙት ዓመቱ ዕለት የኮሶዬ ሰው መጥቶ ጠላውን ቀመሰ።

«ሸጋ ጠላ ነው!»

«ይቺማ የውቢት እጅ አለባት!»

አያ ሰውአገኝም ከዋንጫቸው ተጎነጩ። ከአደራው ግማሹ ተፈጽሟል። ሌላው ግማሽ ግን በየሰዉ ዋንጫ እያለቀ ነው።

እንግዳው ሲሸኝ ምስማር በፍም አግለው፣ ባልዲውን ደፍተው ታቹን ይበሱ ጀመር።

«አባዬ፣ አሁን ለምንህ ነው?» አለች ፀደይ።

«እንጃ ልጄ» አሉ፣ ምስማሩን መልሰው ወደ ፍሙ እየሰደዱ።