ወለል ላይ የተቀመጠ ጆሮ

የደረጃው ሁለተኛ መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ትቀመጣለች። ሁልጊዜም እዚያው ነው። ከዚያ በላይ የሚቀራት ጥቂት ነው፤ ግን ጉልበቷ እዚያ ሲደርስ «በቃኝ» ይላታል፣ እሷም ከጉልበቷ ጋር አትጣላም። ጫማዋን ታወልቅና ጣቶቿን ታያለች። ቀኑን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ሲያገላብጡ የዋሉ ጣቶች ነጥተው፣ ተሸብሽበው፣ የእሷ አይመስሉም።

የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ባልደረቦቿ «አረፋ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት ገና ልጅ እግር ሳለች ነው፤ ያኔ በእጅ ይታጠብ ነበርና እሷ ከሁሉም ቀድማ እስከ ክንዷ ሳሙና ውስጥ ትገባለች። አሁን የሚያጥበው ማሽን ነው። ከማሽኑ ሆድ ጎትቶ የሚያወጣው ግን ሰው ነው፣ እርጥብ አንሶላ ደግሞ እንደ ታማሚ ሰውነቱን ሁሉ ይጥልብሃል። ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ውላ ትመጣና ቤቷ ስትገባ ፊቷን የምታብስበት ውሃ የለም።

በዚያ ሰፈር ውሃ ቀጠሮ አይሰጥም። ሲፈልግ በጠዋት፣ ሲፈልግ በቀትር ይመጣል፤ አንዳንዴም ሳምንት ሙሉ ይኮርፋል። ስለዚህ ሰዉ ሁሉ ቧንቧውን ከፍቶ ይተወዋል። የጎማውን አንድ ጫፍ ቧንቧው ላይ ይሰካል፣ ሌላውን በርሜል ውስጥ ይነክራል፤ የቀረው የጆሮ ሥራ ነው። መጀመሪያ ቧንቧው ይስላል። ከዚያ ያንኮራፋል። ከዚያ የባዶው በርሜል ሆድ ይደበደባል፣ ያኔ ቀድሞ የሰማ «መጣ!» ብሎ ግድግዳ ይመታል።

በዚያ ሕንጻ ቀድማ የምትሰማው የአረፋ እናት ነበረች። የቧንቧውን ሳል ገና ከመንገድ ማዶ ሳለ ነው የምትሰማው ይሏት ነበር። «መጣ! መጣ! ተነሱ እናንተ!» ስትል ሦስቱም ፎቅ ባልዲ እያንኳኳ ይነሳል። ልጇ ሥራ ስትውል እሷ ኩሽናው በር ላይ ዱካዋን አስጠግታ ትቀመጥና፣ እንደ አኩራፊ ልጅ እያባበለች ለቧንቧው ታንጎራጉርለታለች፦

ና እንጂ፣ ና እንጂ፣ የት ወድቀህ ቀርተሃል፤
በርሜሉ አፍ ከፍቶ ሲጠብቅህ ውሏል።

እንዲህ እየተኖረ ሳለ ነው አንድ ከሰዓት በኋላ ውሃው የመጣው፤ እናት አልጠራችም። በርሜሉ ሞላ፣ ፈሰሰ፣ የኩሽናውን ወለል አዳርሶ በስንጥቁ ወደ ታች ወረደ። ከታች፣ በሩ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ባለው ክፍል፣ የሚኖረው ሰዓት ጠጋኙ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሚሠራውም የሚተኛውም እዚያችው ክፍል ውስጥ ነው። ውሃው ያረፈው ጠረጴዛው ላይ፣ ሆዳቸው ተከፍቶ በተደረደሩ የሰው ሰዓቶች ላይ ነበር።

ያን ዕለት አረፋ ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«አንቺ የላይኛዋ! እኔ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ እንጂ ዓሣ አጥማጅ አይደለሁም!»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። እማዬ እንቅልፍ ጥሏት ነው።»

«እሷ ትተኛ፣ እኔ ልዋኝ? እኔ መዋኘት አልችልም ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬም አልማርም!»

ነገሩ ለሕንጻው ባለቤት ደረሰ። ይህች ባለቤት ቁጣ የማታውቅ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት፤ ያ ደግሞ ከቁጣ ይብሳል። በሩ ላይ ቆማ፣ እርጥቡን ወለል እንዳትረግጥ ቀሚሷን ሰብስባ፣ «ከእንግዲህ አንድ ጠብታ ወደ ታች ከወረደ ቤቴን ትለቁልኛላችሁ» አለችና ሄደች።

አረፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ያን አልጋ ከእናቷ ጋር ስንት ቤት ተሸክመውታል፤ ስንት ደረጃ ላይ አጣመው፣ ስንት በር ላይ ፈትተው አስገብተውታል። እዚህ የገቡ ዕለት እናቷ መስኮቱን ከፍታ፣ «እንግዲህ ከዚህ የምወጣው በሰው ትከሻ ነው» ብላ ነበር። አረፋ ሌላ ቤት የምትፈልግበት እግር፣ ሌላ ባለቤት የምትለማመጥበት አንደበት የላትም። አልቋል።

የሆስፒታሉ ቧንቧ ሠራተኛ ነው መላውን የነገራት። «ራሱ የሚዘጋ አለ እኮ፣ እህቴ። ወለል ረጥቦ ካየ ማንንም ሳይጠይቅ ውሃውን ይዘጋዋል።» ለራሷ ያሰበችውን ጫማ ትታ ገዛችው።

በዕረፍት ቀኗ መጥቶ ገጠመላት። ዕቃው ሁለት ነው። አንዱ ትንሽ ሞተር ያለው መዝጊያ ሲሆን ውሃው ወደ ቤት ከሚገባበት ቱቦ ላይ ታሰረ። ሌላው ሴንሰር የሚሉት፣ ብስኩት የሚያህል ክብ ነጭ ነገር፣ በርሜሉ ሥር ወለል ላይ ተቀመጠ። እናት ዱካዋ ላይ ሆና የሠራተኛውን እጅ በዓይኗ ትከተላለች።

«እማማ፣ ይሄ ብስኩት ከዚህ ወለል ላይ አይነሳም። እርጥበት ሲነካው ነው የሚሠራው። ገባዎት?»

«ዕድሜ ይስጥህ፣ ልጄ።»

«ከዘጋ በኋላ መልሶ ለመክፈት ይህችን ቁልፍ መጫን ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ ጠብ እያደረጋችሁ መሥራቱን ሞክሩት። እሺ እማማ?»

«እጅህን ይባርከው። ወልደህ ሳም።»

«አራት አሉኝ እማማ፣ እነሱም በዝተውብኛል» አለና ሳቀ። ከዚያ በስኒ ውሃ ቀድቶ ብስኩቱ ላይ አፈሰሰ። ዕቃው ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት አሰማ፣ አረፋ ደንግጣ ጆሮዋን ያዘች፤ መዝጊያው «ግርርር» ብሎ ቱቦውን ጠረቀመው። እናት ከዱካዋ ላይ ንቅንቅ አላለችም። ፈገግ ብላ ሠራተኛውን ታየዋለች።

አረፋ ይህን በዓይኗ አየች። ደክሟት ነበርና ልቧ አላየውም።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ፣ አንሶላ እየጎተተች ስለ ቤቷ ሳታስብ መዋል ቻለች። አውቶቡስ ውስጥ ሳይቀር መስኮቱን ተደግፋ ታንቀላፋለች። ያላመነው ሰዓት ጠጋኙ ብቻ ነው። ትልቅ ጥቁር ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ እጀታውን በገመድ ከጣሪያው ጋር አስሮ፣ ከሥሩ ተቀምጦ ይሠራል። በሩ ክፍት ሲሆን የሚያልፍ ሁሉ ይስቅበታል።

«ጋሼ፣ ማሽን ገዝተናል እኮ!» ትለዋለች።

«የራሴን ማሽን ሰቅያለሁ» ይላታል፣ ከማጉያ መነጽሩ ሥር ቀና ሳይል። «ይልቅ የእናትሽን ሬዲዮ ቀንሽልኝ። ዜናውን እኔ ነኝ የምሰማው።»

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ መታጠፊያው ላይ አልተቀመጠችም። የሰዓት ጠጋኙ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ከውስጥ «ጠብ፣ ጠብ» ይሰማል። ጃንጥላው ላይ ነው። አሮጌው ሰው ከሥሩ ቆሞ፣ ሰዓቶቹን በመሐረብ ላይ ሰብስቦ፣ ወደ ላይ አንጋጧል። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ቀሪውን ደረጃ ወጣች። ኩሽናው ሐይቅ ሆኗል። እናቷ ቧንቧውን ዘግታለች፤ ቀሚሷን ጉልበቷ ድረስ ሰብስባ በጨርቅ ትጠርጋለች፣ ጨርቁን ባልዲ ውስጥ ትጨምቃለች፣ እንደገና ትጠርጋለች። በርሜሉ ሥር ብስኩቱ የለም።

«እማዬ! ዕቃው የታል? ነጩ ነገር!»

እናት የልጇን ከንፈር አየች። ፊቷ በራ። እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደች፤ ከንጹሑ አንሶላ መካከል በፌስታል የተጠቀለለ፣ በክር የታሰረ ነገር አወጣች። ክሩን ፈታች፣ ፌስታሉን ገለጠች። ብስኩቱ ደረቅ ነው፤ ተወልውሎ ያበራል።

«አትጨነቂ» አለች። «ወለል ላይ ወድቆ አግኝቼው አነሳሁት። ይህን የመሰለ ውድ ዕቃ ውሃ ቢነካውስ?»

አረፋ እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጠች። ሳቅ መጣባት፤ ሳቁ መንገድ ላይ ሌላ ነገር ሆነባት። እናቷ ይህን ዕቃ ከፀሐይና ከአቧራ ጠብቃ፣ አንድ ጠብታ እንዳያገኘው ስትሳሳለት ከርማለች።

«እማዬ፣ ሰውየው ነግሮሽ የለ! ከወለል አይነሳም ብሎሽ የለ!»

እናት አሁንም ከንፈሯን እያየች ነው። ያኔ ነው ያ ጩኸት፣ ያ ፈገግታ፣ ያ ሁሉ ምርቃት በአረፋ ዓይን ላይ የመጣው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ፊቷን ወደ ባልዲው አዙራ፣ «እማዬ፣ ትሰሚኛለሽ?» አለች።

ቀና ስትል እናቷ ፌስታሉን በጣቷ እያጣጠፈች ነው።

«ምን አልሺኝ?» አለች እናት። ከዚያ የልጇን ዓይን አየችና ድምፅዋ ወደቀ። «አልሰማም፣ የኔ ልጅ። መስማት ከተውኩ ቆየሁ። አንቺ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያ ትሞቻለሽ፤ በዚህ ቤት የኔ ሥራ መስማት ብቻ ነበር። እሱንም አጣሁት ብዬ በየት አፌ ልንገርሽ?»

በሩ ላይ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ሰዓት ጠጋኙ ነው፤ የተጠቀለለ ጃንጥላ ይዟል፣ ከጫፉ ውሃ ይንጠባጠባል። ለጠብ እንደ መጣ ፊቱ ይናገራል። ከመቼ ጀምሮ እንደ ቆመ ግን አይታወቅም።

«ጋሼ» አለች አረፋ ሳትነሳ። «ለሕንጻው ባለቤት ይንገሯት። መብትዎ ነው። ዛሬ የምለምንበት አቅም የለኝም።»

እሱ ወለሉን አየ፣ ብስኩቱን አየ፣ አሮጊቷን አየ። «ምን እነግራታለሁ?» አለ። «ጃንጥላዬ ረጠበ ልበላት? ጃንጥላ ሊረጥብ አይደል እንዴ የተሠራው?» ከዚያ እናትየው ፊት ጎንበስ አለ፤ ቃሉን በአፉ እየሳለ ቀስ ብሎ ተናገረ። «እማማ! እኔም እኮ ትንሿን ሰዓት ጆሮዬ ላይ አስጠግቼ መስማት ትቻለሁ! አሁን በጥርሴ ነክሻት ነው መሄዷን የማውቀው!»

«አንተ ጎረምሳ!» አለች እናት፤ ፀጉሩ እንደ ጥጥ የነጣውን ሰው በፌስታሉ መታ አድርጋ ሳቀች። «ገና በልጅነትህ!»

በማግስቱ አረፋ ብስኩቱን ወደ ቦታው መለሰችው። የእናቷን እጅ ይዛ፣ በማንኪያ ውሃ አስቀድታ፣ ጠብ አስደረገቻት። መዝጊያው ሲዞር የእናትየውን ሌላኛውን እጅ ቱቦው ላይ አኖረችው፤ ቱቦው በመዳፏ ሥር ሲንቀጠቀጥ አሮጊቷ «እህ!» አለች፣ ዓይኗን ጨፍና።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ብስኩቱን የምታጠጣው እናት ናት። አንድ ማንኪያ ታፈስለታለች፤ ይጮሃል፤ እሷ አትሰማውም፤ መዳፏን ቱቦው ላይ አድርጋ መዘጋቱን ትጠብቃለች። ከዚያ በጨርቅ ታደርቀዋለች፣ ቁልፉን ተጭና ትከፍታለች፣ ያችኑ ዜማ ታንጎራጉራለች፦ ና እንጂ፣ ና እንጂ፣ የት ወድቀህ ቀርተሃል። ከታች ያለው ሰው ጩኸቱን ሲሰማ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ሁለቴ ይመታል። ምቱ በወለሉ አልፎ በባዶ እግሯ ይደርሳታል። «ሰማኝ» ትላለች ለራሷ።

ውሃው በመጣ ቁጥርም በርሜሉ ይሞላል፣ ትንሽ ይፈስሳል፣ ቱቦው ራሱን ጠርቅሞ ዝም ይላል።

አንድ ምሽት አረፋ እንደ ልማዷ መታጠፊያው ላይ ተቀመጠች። አንሶላው ያው ነው፣ ጉልበቷም ያው ነው፤ ጫማውም ያው የድሮው ነው፣ አወለቀችው። የሰዓት ጠጋኙ በር ገርበብ ብሏል። አሮጌው ሰው ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሯል፣ ጥርሱ መካከል ትንሽ ሰዓት ነክሷል። በላዩ ጣሪያው ባዶ ነው፤ የተንጠለጠለ ገመድ እንኳ የለም። ጃንጥላው ታጥፎ፣ ደርቆ፣ ጥግ ቆሟል።

ጉልበቷ ሌላ ጊዜ ከሚፈልገው ትንሽ ቀደም ብላ ተነሣች።